ክንፏ ያልተቆረጠ

አስቶሪያ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት። «ተነሡ፣ ማዕበል ሰው አይጠብቅም!»
አለች እናቴ፤ ወንድሜ ሬይኖ ብርድ ልብሱን አይለቅም።
አያቴ ግን ቀድሞን ለብሷል ቢጫውን የዝናብ ልብስ፣
ከደጃፉ ተቀምጧል፣ የጫማውን ክር ሲዳብስ፤
ጣቶቹ አይታዘዙትም፣ ካቻምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ፣
እኛ እንዳላየን እንሆናለን፣ እነሱም እንዳልታዩ ይሆናሉ።

መትከያው በጨው ረጥቧል፤ የናፍጣ ሽታና የዓሣ አንጀት፣
የባሕር አንበሶች ጩኸት፣ እንደ ሰካራም ጎረቤት።
ጀልባችን ገመዷን ትስባለች፤ «አውኔ» ይላል ጎኗ ላይ፣
የሴት አያቴ ስም ነው፣ ባሕርን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ የማታይ።
መሪው በእናቴ እጅ ነው፤ አያቴ ከኋላዋ ቆሞ፣
«ወደ ግራ» ሊል ይከጅልና ይውጠዋል መልሶ ደግሞ።

ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ፣ እዚህ ነው ማደሪያ የተሰጠው፣
ውቅያኖስ አፉን ከፍቶ፣ ግንዱንም ጭምር የሚውጠው።
ጀልባዋ ወጣች፣ ወረደች፤ ሆዳችን ቀረ ከላይ፣
ሬይኖ አንገቱን አስግጎ፣ ቁርሱን ገበረ ለቀላይ።
አክስቴ ሲርካ ግን እንደ ቤቷ፣ አጃ ዳቦ በቅቤ ቀብታ፣
«ባዶ ሆድ ነው የሚያጥወለውለው» አለችው፣ ራሷ ሦስት በልታ።

ፀሐይ ከተራራው ስትወጣ፣ አራት ዘንግ፣ አራት ክር፣
ሰርዲን የለበሰ መንጠቆ፣ ከዐሥር ክንድ ውኃ ሥር።
ዝም። የባሕር ወፍ ብቻ፣ ብድር እንደ ከለከሉት ሰው፣
አናታችን ላይ ይጮኻል፤ ሰርዲናችን ነው ያስለቀሰው።

እዚህ አገር ሕግ አለ፦ ከጭራው በላይ፣ በጀርባው በኩል፣
አንዲት ክንፍ አለችው ሳልመን፣ አውራ ጣት የምታክል።
ሰው በገንዳ የፈለፈለው፣ በልጅነቱ ክንፉን ያጣ፣
እሱ ለምጣድ ነው ይላል ሕጉ፤ ክንፉን ይዞ የመጣ፣
የወንዝ ጠጠር የወለደው፣ ምንም ቢያምር፣ ምንም ቢከብድ፣
ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ልቀቀው፣ መንገዱን ይሂድ።

እስከ ረፋድ ሁለት ያዝን፤ ሁለቱም ክንፈ ቆራጣ፤
አንደኛውን ራሱ ሬይኖ፣ ማስመለሱን ትቶ አወጣ።

ከዚያ የአያቴ ዘንግ ጎበጠ።
ጎበጠ ብቻ? አጎነበሰ፣ ሄዶ ውኃውን ሳመ፤
እናቴ ሞተሩን አጠፋች፣ የእኛም ትንፋሽ አብሮ ቆመ።
«ልያዝልህ፣ አባባ» አለች ሲርካ፤ ቃል አልመለሰም፣
ከክሩ ዋይታ በቀር፣ ጆሮው ምንም አልደረሰም።
ሃያ ደቂቃ ይሁን ሰዓት፣ ማንም የቆጠረ የለ፤
ስትወስድ ሰጣት፣ ስትደክም ሳባት፣ «ነይ እስቲ፣ አሮጊት» እያለ።

በመጨረሻ ጎኗ ታየ፦
ብር፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ስም የሌለው ቀለም፤
እንዲህ ያለ ዓሣ በእኛ ቤት፣ ፎቶ ውስጥ እንኳ የለም።
እናቴ መረቡን ይዛ፣ ከጀልባው ጎን ጎንበስ አለችና፣
«አባባ» አለች ቀስ ብላ፤ «ክንፏ አልተቆረጠምና...»

ማንም ቃል አልተነፈሰ። ጉም ዙሪያችንን ወርዷል፤
አንድም ጀልባ የለም። «እንግዲህ» አለች ሲርካ፣ «ማን ያየናል?»

አያቴ በጉልበቱ ወረደ፤ እጁን ከሆዷ ሥር ሰዶ፣
መንጠቆውን በጉጠት ፈታ፣ ሁለቴ ስቶ፣ ሁለቴ ተናዶ።
ከዚያ ደግፎ ያዛት፣ አፏን ወደ ማዕበሉ አዙሮ፣
ውኃ በስንጥቧ እስኪያልፍ፣ እስክትተነፍስ እንደ ድሮ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች፤
የቱ የማን እንደሆነ ሳልለይ፣ ጭራዋን መትታ ሄደች።

ሬይኖ «ስንት ኪሎ ትሆን?» ብሎ ጠየቀ፤
አያቴ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ዳቦው አለቀ?»

ወደብ ስንደርስ፣ ከሚዛኑ ዘንድ፣ ሰው ተሰብስቦ ይጮኻል፤
የጎረቤት ልጅ የያዘው፣ በገመድ ተንጠልጥሏል።
«እናንተስ፣ ኡርሆ?» አሉት። «ሁለት» አለ፣ «ትንንሽ ናቸው።»
ሬይኖ አፉን ሊከፍት ሲል፣ እናቴ በዓይኗ ገታችው።

ማታ ግን፣ መብራት ከጠፋ፣ በአልጋው ላይ ክንዱን ዘርግቶ፣
«ይህን ታክላለች፣ አይደል?» አለኝ፤ በጨለማ ማን ምን አይቶ።
«ትበልጣለች» አልኩት።